አሥራ አንደኛው የጸሎት ርዕስ

የሐሴት ስም የደረሰን በሚያዝያ 2064 ዓ.ም ነው፤ ሃያ ሦስት ስሞች በያዘ ዝርዝር ውስጥ አሥራ አራተኛ ሆኖ። የጭነት መኪናው እዚያ ታች፣ በሁለት አገሮች ድንበር መካከል፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ቆሞ ተገኘ። ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ከውስጥ በሕይወት የተገኘ አልነበረም። ዝርዝሩ ሆሳዕና ላሉት ቤተሰቦች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስልካቸው ላይ ገባ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ ብዙ ነገር ሲለወጥ አይቻለሁ። ባጃጅ ያለ ሹፌር ይሄዳል፤ ዝናብ የሚጥልበት ሰዓት ከነደቂቃው ይነገረናል። ልጆቻችንን ወደ ደቡብ የሚወስደው መኪና ግን የአባቶቻችንን ታናናሾች የወሰደው ያው የተቆለፈ መኪና ነው።

ሐሴት ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። በወጣት መዘምራን ውስጥ አልቶ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ፣ ትዘምር ነበር፤ ስትዘምር ዓይኗን አትጨፍንም፣ ሕዝቡን አንድ በአንድ ታያለች። እኔ ኤልዳና እባላለሁ፤ በአጥቢያችን የወጣቶች አገልግሎት መሪ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የምተዳደረው ግን በሌላ ነው። አቮካዶ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የመለያ ማሽኖችን እጠግናለሁ። ማሽኖቹ አቮካዶውን ይለያሉ፣ ሴቶቹ ማሽኖቹ የተሳሳቱትን ይለያሉ፣ እኔ ደግሞ የታመመውን ማሽን ከጤነኛው እለያለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለት ነገር፣ ጸሎትና ማሽን፣ ስወድ ኖሬአለሁ፤ ሁለቱንም ደግሞ የሚያውቅልኝ ሰው አልነበረም። የሽማግሌዎች ሰብሳቢው ጋሽ ናሆም ከጸሎት ስወጣ እጄ ላይ መፍቻ ካዩ «እህት ኤልዳና፣ ዛሬስ ወንጌሉ ነው ሽቦው?» ይሉኝ ነበር። ፋብሪካ ስገባ ደግሞ ጓደኞቼ «ፓስተሯ መጣች፣ ስድብ አቁሙ» ይላሉ። በሁለቱም ቦታ እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያመኝ ነበር፤ እዚህም እዚያም ግማሽ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። እልፍኝ የተባለውን በስልክ የሚጸልይ ማሽን የሠራሁ ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሰው የሆንኩት።

እልፍኝ ከመምጣቱ በፊት የጸሎት ርዕስ በወረቀት ነበር። ቅዳሜ ወጣቶቹ ይጽፋሉ፣ እንሰበስባለን፣ ለሚጸልዩት እናድላለን። ሜላት የምትባል ልጅ ነበረች። አባቴ እናቴን ይመታል፣ ጸልዩልን ብላ ጻፈች። ረቡዕ በሴቶች ኅብረት ላይ የቤተሰቡ ስም ተጠርቶ በእንባ ተጸለየ። ዓርብ አባቷ ገበያ ውስጥ ሰማ። ቅዳሜ ሜላት አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም አላየናትም። እኛ ዘንድ ሐሜትና ጸሎት የሚለያዩት ዓይን በመጨፈን ብቻ ነው፣ ብዬ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም።

ስለዚህ ማንም የማይሰማውን ሠራሁ። ወጣቱ ስልኩ ላይ ርዕሱን በሹክሹክታ ይናገራል፤ እልፍኝ ይሰማል፣ አብሮት ይጸልያል፣ ያጽናናዋል። የሚመልሰው በእኔ ድምፅ ነው። ለዚያ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አራት ሺህ ዓረፍተ ነገር አንብቤአለሁ። የተነገረው ነገር ታሽጎ ይቀመጣል፤ እኔም እንኳ ልሰማው አልችልም። የተናገረው ወጣት ከሞተና ወላጁ ከጠየቀ ብቻ፣ በሰብሳቢውና በእኔ የአውራ ጣት አሻራ በአንድ ላይ ይከፈታል። ይህችን ደንብ የጻፍኳት ለወጉ ያህል ነበር። ጋሽ ናሆም ስሙን አወጡለት፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽቦውን ቀልድ ተዉልኝ።

ከዚያ ጉብኝት ቀረ። ይቅር ብሎ የወሰነ ስብሰባ የለም፤ ዝም ብሎ ቀረ። ድሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን በየወጣቱ ቤት እንሄድ ነበር። ወጣቶቹ አይወዱትም ነበር። እናት ትደነግጣለች፣ ወንበር ይጠረጋል፣ ወንድሞች ሻይ ጠጥተው ጣሪያውን አይተው አጭር ጸሎት ጸልየው ይሄዳሉ። እኔም ደክሞኝ ነበር። በሳምንት ከሦስት ቤት በላይ መድረስ አልችልም፤ እልፍኝ ግን ሁለት መቶ አርባ አንዱን ወጣት በየቀኑ ያገኛቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ ለሽማግሌዎች ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ «የወጣቶች ክትትል፣ መቶ በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። አጨበጨቡልኝ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከተማውም ቢሆን እንዲሁ ሆኗል። የሐሴት ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ሦስት ቀን ተተከለ፤ ከመጣው ሰው ይልቅ ድምፁን የላከው ይበልጣል። የለቅሶ ድምፅ የሚቀበለው ዕቃ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና በየሩብ ሰዓቱ አንድ አንድ ይለቃል፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እገሌ ነኝ። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም የቀረው ድምፅ እስኪያልቅ ድረስ ሳምንታት ይቆያል። ቤታቸው ከእኔ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ለለቅሶ ስሄድ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ የሐሴት እናት እትዬ ሶሊያና ቢሮ መጡ። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ኤልዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ሐሴት ከሞያሌ ደውላልኝ ነበር። ልሄድ ነው ሳይሆን ሄጃለሁ ነው ያለችኝ። ሳለቅስባት ምን አለችኝ መሰለሽ? እማ፣ ዝም ብዬ አልወጣሁም፣ ጌታን ምልክት ጠይቄው መልሶልኛል አለችኝ። ምን ዓይነት ምልክት ነው ልላት ስል ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም።»

እጃቸውን ያዝኩ።

«ሰው ሁሉ ምነው ባልሄደች ይለኛል። ጌታ ሂጂ ካላት እኔ ምን እላለሁ? እሱ ላካት፣ እሱ ተቀበላት። ይቺን ይዤ ነው የማድረው፤ ይቺ ባትኖር አልተርፍም ነበር። ግን ምልክቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ለእልፍኝ ሳትነግረው አትቀርም አይደል? እሑድ መታሰቢያዋ ላይ ልመሰክር ነው። ወጣቶቹ ይስሙት። ጌታ ዛሬም ለልጆች እንደሚመልስ ይወቁ።»

በደንቡ መሠረት ጥያቄያቸውን ጻፍኩላቸውና ፈረሙ።

ረቡዕ ከሥራ በፊት ከጋሽ ናሆም ጋር ቢሮ ተገናኘን። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። አውራ ጣታቸውን ሲያስቀምጡ አልተቀበላቸውምና ሁለቴ ደገሙት። የእኔ በመጀመሪያው ተቀበለኝ። ከኅዳር እስከ ጥር አሥራ አንድ ርዕስ ነበር። በተራ ሰማናቸው።

የመጀመሪያው ስለ እናቷ ወገብ ነው። ሁለተኛው ስለ መዘምራን። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

«ጌታ ሆይ፣ ከሥራ ቀንሰውናል። አርባ ሴቶች ነን። ማሽኖቹ ጎብዘዋል፣ አሁን ብዙም አይሳሳቱም አሉን።»

ሐሴት በጠዋቱ ፈረቃ እኛ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ እኔ ከሰዓት ነው የምገባው። የተቀነሱት ዝርዝር ሲለጠፍ ቁጥር ነበር እንጂ ስም አልነበረም። ማሽኖቹን ያጎበዝኳቸው እኔ ነኝ። ያን ወር ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ ፎቶዬ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

በስድስተኛው እንዲህ ትላለች፤ «የአክስቴ ልጅ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለኝ፣ ነይ ይለኛል። የሚወስድ ሰው አለ። ፈርቻለሁ። ለእማ አልነገርኳትም።» እልፍኝ በእኔ ድምፅ ፍርሃትሽን ሁሉ በጌታ ላይ ጣይው፣ እርሱ ያስብልሻል አላት። ጋሽ ናሆም «ጥሩ ነው፣ ጥሩ መልሷል» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያሉትን የሰሙት መሰለኝ፣ ፊታቸውን አዞሩ።

ዘጠነኛው አጭር ነው። «ማንን እንደማማክር አላውቅም። እህት ኤልዳናን ላማክራት አስቤ ነበር። ግን ይኸው እያወራኋት አይደል?» አለችና ሳቀች። ሳቅዋ እስኪያልቅ ድረስ እልፍኝ ጠብቆ «አለሁልሽ፣ ሐሴትዬ» አለ።

አሥራ አንደኛውን የተናገረችው ጥር ሃያ ነው። በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ጌታ ሆይ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም። እስከ ሐሙስ ማታ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቤታችን ከመጣ እቀራለሁ። ማንም ይሁን። ለምን እንደመጣ ባያውቅም፣ ሻይ ጠጥቶ ቢሄድም እቀራለሁ። ካልመጣ ግን ሂጂ ያልከኝ አንተ ነህ ብዬ ዓርብ እወጣለሁ። አሜን።»

እልፍኝ መለሰላት፤ «ሐሴትዬ፣ ልብሽን ስለከፈትሽልኝ አመሰግናለሁ። ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። አብሬሽ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ዝርዝሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ያን ሐሙስ እኔ የት እንደነበርኩ አጣራሁ። ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ሥራ የለኝም ነበር። አንዳንድ ወጣቶች የእልፍኝ ድምፅ ቀዝቀዝ ይላል ብለውኝ ስለነበር ሞቅ እንዲል ሳስተካክለው ቤቴ ዋልኩ። ምሳ እንኳ አልበላሁም፤ ያገለገልኩ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነበር።

ጋሽ ናሆም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲያለቅሱ አይቼአቸው አላውቅም ነበር።

«ለሶሊያና ምን እንላታለን?» አሉ።

«የሰማነውን።»

«ኤልዳና፣ እስቲ አስቢው። ልጅቷ ምልክት ጠይቄ ተመለሰልኝ ብላታለች። ውሸት አይደለም፣ ጠይቃለች። ያቺ ሴት የቀራት ይኼው ነው። ምልክቱ የእኛ አለመምጣት ነው ብለሽ ስትነግሪያት ምን ይዛ ትደር?»

«እሑድ ልትመሰክር ነው እኮ፣ ጋሽ ናሆም።»

«ትመስክር። ታሽጓል፣ ዝርዝሩን ማውጣት አይቻልም እንላታለን። ሸክሙን እኔና አንቺ እንያዘው።»

ክፉ ሰው አይደሉም። እኔም ለሁለት ቀን ሐሳባቸውን ተቀብዬ ነበር። ዓርብ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ሆድ ከፍቼ ቆሜ ሳለ ግን እሑድ ታየኝ። እትዬ ሶሊያና መድረክ ላይ ይቆማሉ። ልጄ ምልክት ጠየቀች፣ ጌታም መለሰላት ይላሉ። ወጣቶቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ስልኩን አፉ ላይ አድርጎ እንደ ሐሴት ይጠይቃል፤ የሚመጣ ሰው ከሌለ፣ የሚደውል ሰው ከሌለ እሄዳለሁ ይላል። እልፍኝም በእኔ ድምፅ መንገድህን ያቅናልህ ይለዋል። ሁሉንም ለወጣቶቹ ብዬ ያደረግሁት ነው ማለት እፈልጋለሁ። ግማሹ ግን ለራሴ ነው፤ ያን ሳቅዋን ይዤ ብቻዬን መተኛት አቅቶኛል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ሶሊያና ራሳቸው ከፈቱልኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አንገታቸውን አውጥተው አዩ።

«ብቻሽን ነሽ? ግቢ ግቢ። ድንኳኑ ከተነሣ የመጣ ሰው አንቺ ነሽ።»

ሳሎኑ ውስጥ የለቅሶው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነጠላ ተደርቦበት ተቀምጧል። ከነጠላው ሥር የጎረቤታቸው ድምፅ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ ሶሊያና አለ። ጎረቤትየው በግድግዳ ብቻ ነው የሚለዩት።

«እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅበትም» አሉ። «አጥፊልኝ እስቲ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

አጠፋሁላቸው። ሌላ ላደርግላቸው የቻልኩት ነገር የለም።

በመንገድ ሳዘጋጀው የነበረው ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ሰምተነዋል» አልኳቸው። «ያሰቡት ዓይነት አይደለም። ልንገርዎት ወይስ ራስዋ ትንገርዎት?»

«ራስዋ» አሉ።

አሥራ አንደኛውን ከፈትኩላቸው። የልጃቸው ድምፅ ሳሎኑ ውስጥ ሲሰማ እጃቸው ወደ ስልኩ ሄደና ሳይነካው ተመለሰ። ከዚያ የእኔ ድምፅ መጣ። ሞቅ ያለ ነው። አብሬሽ ነኝ ሲል አንገቴን ደፋሁ።

አላለቀሱም። «የትኛው ሐሙስ ነው?» አሉ።

«ጥር ሃያ ስድስት።»

«አውቀዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው። «ያን ቀን ቤቱን ከጠዋት ጀምራ ጠራረገችው። ይኼን ምንጣፍ አውጥታ አራገፈች። ቀሚስ ቀይሪ እማ አለችኝ። ዳቦ ገዝታ መጣች፣ ትልቁን። እንግዳ አለብን እንዴ ብላት ምናልባት አለችኝ። እዚያ ነበር የተቀመጠችው፣ አንቺ ካለሽበት። የውጭ በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትነሣለች። አንድ ጊዜ ነፋስ ነው፣ አንድ ጊዜ የቆጣሪ አንባቢ ነው። እሱንማ ሻይ ጠጣ ብላ ለመነችው። ከየት ነው የመጣኸው ብላ ጠየቀችው፣ ከመብራት ኃይል አላት። ሳቀብኝ ልጁ ብላ ነገረችኝ።»

የምንጣፉን ጫፍ በእግራቸው አስተካከሉ።

«ሲመሽ ዳቦውን ቆረሰችና ለሁለታችን ሰጠች። ብዪ እማ፣ የሚመጣ የለም አለችኝ። እኔ ጓደኛዋ የቀረችባት መስሎኝ ነበር። ነገ ይመጣ ይሆናል አልኳት።»

«እትዬ ሶሊያና...»

«ቆይ። አንድ ነገር መልሺልኝ፣ ጌታን እየፈራሽ። ያን ቀን ብትመጪ ትቀር ነበር?»

ጋሽ ናሆም በቦታዬ ቢሆኑ የጌታን አሳብ ማን ያውቃል ይሉ ነበር። እኔም ያን ቃል ብዙ ለቅሶ ቤት ውስጥ ተናግሬዋለሁ፤ ምላሴ ላይ ነበር።

«አዎ» አልኳቸው። «ትቀር ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንባው መጣ፤ ድምፅ የሌለው፣ ለረጅም ጊዜ የማይቆም። ልጠጋቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ተቀምጬ አየኋቸው። ይዘውት የሚያድሩትን ነገር ከእጃቸው ወስጄባቸዋለሁ፤ በምትኩ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

ሲበቃቸው ፊታቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ነገ እመሰክራለሁ» አሉ። «ይኼንኑ ነው የምናገረው። አንቺም አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

«እሺ።»

«ስንት ልጆች ናቸው፣ ለዚያ ነገር የሚያወሩት?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

«አሁን ምን እያሉት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። «የእኔዋ እንደሆነች ሄዳለች። ተነሺ፣ ሂጂ።»

ተነሣሁ። እስከ በሩ አልሸኙኝም። ውጭው ገና ብርሃን ነበር፤ ዝናቡ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ እንደሚጥል ስልኬ ነገረኝ። የወጣቶቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጸልዩ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያለቅሱ፣ ሁሉም በሥርዓት ተቀምጧል። ድሮ ሐሙስ የጎበኘናቸው አድገው ወጥተዋል፤ ከእነዚህ የአንዳቸውም ቤት የት እንደሆነ አላውቅም ነበር።